ከፖስታ ሣጥን ቁጥር እስከ አይፒ አድራሻ፦ የአድራሻ ጽናት በወለጋ ከተሞች

በኢትዮጵያ ዘመናዊ የፖስታ አገልግሎት የተመሠረተው በ1886 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። አገልግሎቱ በአብዛኛው የተደራጀው ደብዳቤን በየደጃፉ በማደል ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ባለሣጥኑ ሰፈር ቢለውጥ ቁጥሩ አይለወጥም። የከተማይቱ ስም በየጽሑፉ ነቀምት፣ ነቀምቴ፣ ለቀምት እየተባለ ቢለያይም፣ ቁጥሩ በመዝገብ ጸንቶ ይኖራል። የጽናቱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቁጥሩን የሚሰጠው አንድ ክፍል፣ የሚጻፍበትም አንድ መዝገብ ነው።

ይኸው ጥያቄ ኮምፒዩተሮች እርስ በርስ በተገናኙ ጊዜ እንደ አዲስ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ደንብ ለእያንዳንዱ ኮምፒዩተር አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር ደለደለ። የቁጥሮቹ ጠቅላላ ብዛት 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በ10 የሚጀምሩትን ጨምሮ የተወሰኑ ቁጥሮች ማንኛውም ድርጅት በውስጥ መረቡ እንዲጠቀምባቸው ተለዩ። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ አድራሻን ለተወሰነ ጊዜ በውሰት የሚያድለው ዲኤችሲፒ የተባለው ሥርዓት ተደነገገ። ኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው ከዚያ በኋላ በ1989 ዓ.ም. ነው።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1972 ይፋ ባደረገው ሥርዓት አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ብዙ ኮምፒዩተሮች መስሎ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። ዛሬ አንድ ተቋም በራሱ ሰርቨሮች ላይ የሚያደራጀው የግል ክላውድ በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ይሁን እንጂ ምናባዊው ኮምፒዩተር በደቂቃዎች ውስጥ ይፈጠራል፣ ይገለበጣል፣ ይሰረዛል። ዲኤችሲፒ የሚለየው ማክ አድራሻ በተባለው መለያ ሲሆን፣ ይህም መለያ በሶፍትዌር የተሰጠ ነው። ስለዚህ እንደ አዲስ ሲፈጠር አድራሻው ሊለወጥ፣ ሲገለበጥም ሁለቱ አንድ መለያ ይዘው ሊጋጩ ይችላሉ።

ነገሩ ለወለጋ ከተሞች ሩቅ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው በነቀምቴ፣ ሌሎች ግቢዎቹም በጊምቢና በሻምቡ ይገኛሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የከፍተኛ ትምህርት መውጫ ፈተና በኮምፒዩተር መሰጠት በመጀመሩ፣ የሰርቨር አድራሻ መጽናት የባለሙያ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰርቨሩ ሌላ አድራሻ ይዞ ቢነሣ፣ የተማሪው ኮምፒዩተር ፈልጎ አያገኘውም፤ የዓመታት ድካሙም ሳይመዘን ይቀራል።

መፍትሔው ከፖስታ ቤቱ ልማድ የራቀ አይደለም። ለእያንዳንዱ ምናባዊ ኮምፒዩተር የማይለወጥ ማክ አድራሻ መስጠት፤ በዲኤችሲፒ ላይ በዚያ መለያ አንድ ቋሚ አይፒ አድራሻ ማስያዝ፤ በእጅ የሚሰጡትን ቁጥሮች በውሰት ከሚታደሉት መለየት፤ ለነቀምቴ፣ ለጊምቢና ለሻምቡ የየራሳቸውን የቁጥር ክልል መደልደል፤ ተጠቃሚውም ሰርቨሩን በቁጥር ሳይሆን በስም እንዲጠራው ማድረግ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ መዝገቡ አንድ፣ ኃላፊውም የታወቀ ሊሆን ይገባል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚሰጠው የኮምፒዩተር ትምህርት በአብዛኛው በመሣሪያው አጠቃቀም ላይ ያተኩራል። ሠልጣኙ አድራሻ የሚጸናው በመሣሪያው ብልጫ ሳይሆን በመዝገብ አያያዝ መሆኑን ከዚህ ታሪክ ቢረዳ፣ ነገ በሚመደብበት ትምህርት ቤት ጥቂት ኮምፒዩተሮችን እንኳ በሥርዓት ለማስተዳደር ይበቃል።