የውጫሌ ውልና የጠገራ ብር የመግዛት ኃይል

የውጫሌ ውል ሲነሣ የብዙዎች አሳብ ወደ 17ኛው አንቀጽ ያመራል። ነገር ግን ውሉ የገንዘብም ታሪክ አለው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ከተፈረመ በኋላ፣ ደጃዝማች መኰንን በ1882 ዓ.ም. ኢጣልያ ሄደው በፈረሙት ተጨማሪ ስምምነት ኢትዮጵያ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር እንድታገኝ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ገንዘብ በኢጣልያ እንዲቀረጽ፣ ኢጣልያም ለአፍሪካ ግዛቷ የምታወጣው ገንዘብ በኢትዮጵያ እንዲሠራበት ተወስኖ ነበር።

በዚያን ዘመን ሕዝቡ የሚያምነው 28 ግራም ያህል የሚመዝነውን የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ክብደቱ በየስፍራው አንድ ሲሆን የሚገዛው ግን ይለያይ ነበር። ከአፋር የጨው ሜዳ አጠገብ በአንድ ብር ብዙ አሞሌ ሲገኝ፣ ነጋዴው ወደ ደቡብ በራቀ መጠን የአሞሌው ቁጥር ይቀንሳል፤ የጭነቱ ወጪና የየኬላው ቀረጥ በዋጋው ላይ ይደመራልና። ውሉ በተፈረመበት በክፉ ቀን ዘመንም ከብቱ አልቆ እርሻው በመታጎሉ፣ በአንድ ብር የሚሸመተው እህል እጅግ አነሰ። የብሩ ክብደት ግን አንዲት ግራም እንኳ አልጎደለም።

ስዊድናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጉስታቭ ካሴል እ.ኤ.አ. በ1918 «የመግዛት ኃይል ተመጣጣኝነት» ብሎ የሰየመው አሳብም የሁለት አገሮችን ገንዘብ የሚመዝነው በየአገሩ በሚገዛው ዕቃ መጠን ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ካፈረሱ በኋላ የራሳቸውን ብር በፓሪስ አስቀረጹ። ክብደቱ ከጠገራው ጋር ቢተካከልም ገበያው ለብዙ ዘመን ጠገራውን መረጠ። ስለዚህ በውል የሚደነገገው የገንዘብ ስምና ክብደት ሲሆን፣ የመግዛት ኃይሉ ግን በምርት፣ በመንገድና በሕዝብ አመኔታ የሚወሰን መሆኑን ይህ ታሪክ ያስረዳል።