የጎማው ባትሪ በዳላስ ሌሊት

እስቲ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። የማወጋችሁ በባትሪ ስለምትሄድ አንዲት ጎማ ነው። መሪ የላትም፣ ወንበር የላትም። ነጂው ግራና ቀኝ መርገጫዋ ላይ ቆሞ ወደ ፊት ዘንበል ሲል ትሄዳለች፣ ወደ ኋላ ሲያጋድል ትቆማለች። ሼን ቼን የተባለ የፈጠራ ሰው እ.ኤ.አ. በ2011 «ሶሎዊል» ብሎ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ አቀረባት። ከዚያ የቻይና ፋብሪካዎች ተረከቧትና ባትሪዋን እያገዘፉ፣ ጉልበቷን እያበረቱ ዛሬ ካለችበት አደረሷት።

ቦታው ዳላስ፣ ቴክሳስ ነው። ቀኑ ሰኞ፣ የካቲት 8 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2021። በረዶው ከተማውን ሸፍኖታል። ሌሊት 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ የግዛቱ የኤሌክትሪክ መረብ ተቆጣጣሪ ኤርኮት መብራት እንዲቆረጥ አዘዘ። የጋዝ መስመሮች በበረዶ ተዘግተው፣ ማመንጫዎቹ አንድ በአንድ ወድቀው፣ መረቡ ጨርሶ ሊፈርስ የቀረው 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ብቻ እንደነበር በኋላ ተነገረ። በሚሊዮን የሚቆጠር ቤት ጨለመ። በማግስቱ ዳላስ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ወረደ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ የሀገራችን ልጅ አለ። ሙያው ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው፤ ወደ ሥራ የሚመላለሰውም በባለ አንድ ጎማዋ ነው። ከግድግዳው ባሻገር አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉት። ጋሼ ሌሊት ትንፋሻቸው እየተቆረጠ ስለሚያስቸግራቸው አፍንጫቸው ላይ ጭምብል አድርገው፣ አየር በሚገፋ ማሽን ነው የሚተኙት። ማሽኑ ሲቆም እየታፈኑ ሲባንኑ ያድራሉ።

ማክሰኞ ማታ ጋሼ ካፖርታቸውን እንደደረቡ በሩን አንኳኩ። «ልጄ፣ ያቺ ጎማህ አንተን ያህል ሰው ከተሸከመች የእኔን ማሽን ማስነሳት ያቅታታል?»

«አያቅታትም ጋሼ። ግን እንዲሁ አትሰካም። ይግቡ፣ ብርድ እንዳይመታዎት።»

አሁን እዚህ ላይ ልብ በሉ። የዚህች ጎማ ባትሪ ጣት የሚያካክሉ ብዙ የሊቲየም ሴሎች ተደርድረው የተሠራ ነው። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ይሰጣል። ሃያው ተከታትሎ ሲያያዝ 84 ቮልት ይሆናል። የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠው የመኪና ኢንቨርተር የሚጠብቀው 12 ቮልት ነው፤ 84 ቮልት ቢሰኩበት እዚያው ይቃጠላል። ደግሞም ከባትሪ የሚወጣው 84 ቮልት ዲሲ ሰውን የሚጎዳ፣ ሾርት ሲያደርግ ብረት የሚያቀልጥ ኃይል ነው። የቤታችን ኤሲ መብራት በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ዜሮን ስለሚያቋርጥ ብልጭታው ቶሎ ይሞታል። የዲሲ ብልጭታ ግን አንዴ ከተነሣ ይቀጥላል። ስለዚህ መስመሩ ላይ የሚገባው ፊውዝም ለዲሲ የተሠራ መሆን አለበት።

ልጁ ይህን ያውቃል። ለካምፕ ብሎ ያዘጋጀው ቮልቴጅ አውራጅ አለው፤ 84ቱን ተቀብሎ ንጹሕ 12 ቮልት የሚያወጣ፣ ጫፉ ላይ እንደ መኪና ሲጋራ ማቀጣጠያ ያለ ሶኬት የተገጠመለት። ጋሼም ለረጅም መንገድ የገዙት የማሽኑ የመኪና ገመድ ነበራቸው። ኢንቨርተር አላስፈለገም። ልጁ መጀመሪያ በሜትር ለካ፤ ፕላስና ማይነሱን አረጋገጠ፤ ከዚያ ሰካ። «ጋሼ፣ ውሃ የሚያሞቀውን ክፍል ያጥፉት፤ ኃይሉን የሚበላው እሱ ነው» አላቸው።

ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጻፈ። ባትሪው 1500 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ሲሶውን አይነካውም፤ 1000 ቀረ። አውራጁ በሙቀት የሚያባክነው ሲቀነስ 850 ገደማ። ማሽኑ ማሞቂያው ጠፍቶ 40 ዋት ግድም ይወስዳል፤ በስምንት ሰዓት 320 መሆኑ ነው። ሁለት ሌሊት ያሳድራል፣ የጎረቤቱንም ስልክ ይሞላል።

ወሬው ሲሰማ ሌላ ጎረቤት ሂተር ይዞ መጣ። ልጁ እንቢ አለ። ሂተሩ 1500 ዋት ነው፤ አውራጁም አይችለውም፣ ቢችለው እንኳ የጋሼን ሁለት ሌሊት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ብርድ ልብሱን አውጥቶ ሰጠው፤ ከሰልም ቤት ውስጥ እንዳያነድ አጥብቆ ለመነው። በዚያ ሳምንት ቴክሳስ ውስጥ በዝግ ጋራዥ መኪና አስነሥተው፣ ሳሎን ውስጥ ከሰል አንድደው፣ ሽታ በሌለው ጋዝ ያለቁ ነበሩ። ከወገኖቻችንም ቤት ሐዘን ገብቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ልጁ ጋሼን አስተኝቶ አልተኛም። ቮልቲሜትሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሲጀምር 84፣ እኩለ ሌሊት ላይ 81፣ ሲነጋ 78። ለምን ጠበቀ? የሌላ መሣሪያ ባትሪ ጠባቂ ሰሌዳ ኃይሉ ሲያልቅ ራሱ ይቆርጣል። በብዙዎቹ ባለ አንድ ጎማዎች ግን ያ ሰሌዳ በሚወጣው ኃይል ላይ እንዳይቆርጥ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ መንገድ መሀል ከቆረጠ ነጂው በግንባሩ ይደፋልና። ጌታዋን ላለመጣል እስክትሞት እንደምትሄድ በቅሎ ናት። ባትሪው መድከሙን የሚናገረው የጎማዋ መቆጣጠሪያ ነው፤ ይጮኻል፣ መርገጫውን ወደ ኋላ ያጋድላል። ኃይሉን በጎን ስትቀዱ ግን የሚጮኽላችሁ የለም። ሴሎቹ ከልክ በታች ወርደው ውስጣቸው ይበላሻል፤ እንደገና ሲሞሉም ቤት የሚያቃጥል እሳት ሊያነሡ ይችላሉ። ልጁ 70 ቮልት ላይ መስመር አሰመረ፤ እዚያ ሳይደርስም የጋሼ ሁለት ሌሊት አለፈ። መብራት ሲመለስም ጎማዋን ከቀዘቀዘው ጋራዥ አላስገባም፤ ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ አይደረግምና።

ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ ማግስት የተሽከርካሪን ባትሪ ለቤት መብራት ማዋሉን በቁም ነገር ያዙት። ኒሳን እ.ኤ.አ. በ2012 «ሊፍ» መኪናው ለቤት መብራት እስከ 6 ኪሎዋት የሚሰጥበትን መሣሪያ አወጣ፤ ከነመከላከያው፣ ከነልኩ። ለአንዲት ጎማም ይህ አይከብድም። ፋብሪካዎቹ የራሱ ፊውዝና የራሱ መቁረጫ ያለው መውጫ ይሥሩላት፤ የነጂውን ደኅንነት ሳይነካ፣ ለጎን ሥራ ብቻ። መብራት የሚጠፋው ዳላስ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ይጠፋል፣ ባትሪ ያላቸው መጓጓዣዎችም በየሰፈራችን እየበዙ ነው። እስከዚያው ድረስ ገመድ የሚነካ ባለሙያ ይሁን፤ ኃይል የሚቀዳም ሰው ቮልቲሜትሩን አይቶ በጊዜ ያቁም።