«ተወጥሬያለሁ» እያለን «ስትረስ» ለምን?

«ፋይናል ደርሶ ስትረስ ውስጥ ነኝ» ማለት በየግቢው ተለምዷል። እሱስ ይሁን፤ ተማሪ የሰማውን ይናገራል። እኔን ያንገበገበኝ ለኮሌጅ ተማሪዎች ተዘጋጅቶ እጄ የገባ አንድ መጠይቅ ነው። ስትረስም «ጭንቀት»፣ አንግዛይቲም «ጭንቀት» ተብለው ተተርጉመዋል። የመጠይቁ ዓላማ ደግሞ ሴቶቹና ወንዶቹ በምን እንደሚለያዩ ማወቅ ነው! ጤፍና ባቄላ ቀላቅሎ በአንድ ቁና እንደ መስፈር ነው።

«ጭንቅ» በቋንቋችን ከባድ ቃል ነው። ምጥ የያዛት ሴት «በጭንቅ ላይ ናት» ትባላለች፤ እመቤታችንን «የጭንቅ አማላጅ» እንላታለን። መላ ሲጠፋ «ጨነቀኝ፣ ጠበበኝ» ይባላል። ቃሉ ፍርሃትንም እንባንም አዝሏል። እስቲ አንዱን የሃያ ዓመት ጎረምሳ «ትጨነቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገ ነውና ሆድ ይፍጀው ብሎ «ኧረ በጭራሽ» ቢል አይገርመኝም። እህቱ ቃሉን ለመናገር ያን ያህል አታፍርም። መልሱ ሲደመር «ሴቶቹ በለጡ» ይባላል።

ልዩነቱ የቃል ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት የስትረስ መለኪያ በሌሎች አገሮችም ሲሞላ የሴቶች ነጥብ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። ማምሻውን ከላይብረሪ ወደ ዶርም የምትመለስ ልጅ ምን እያሰበች እንደምትራመድም አንባቢ ያውቃል። ግን ከልዩነቱ ምን ያህሉ የኑሮ፣ ምን ያህሉ የአጠያየቃችን እንደሆነ ለመለየት መጀመሪያ ቃሉ ይጥራ።

ስትረስን አንዳንዶች «ጫና» ይሉታል። ሥሩ ግዕዙ «ጸዐነ» ነው፤ ጫነ፣ ጭነት፣ ጫኝ ሁሉ ከዚያው ናቸው። ወንዱም «ጫና አለብኝ» ለማለት አያፍርም። ይሁን እንጂ ጫና ከውጭ የሚመጣው ነው፦ ፈተናው፣ የቤተሰብ ተስፋ፣ የኪስ ገንዘብ ማለቅ። አህያዋ ላይ የተጫነው ጆንያ ሌላ፣ የጀርባዋ መጉበጥ ሌላ። የስትረስ ጥናት አባት የሚባለው ሐንስ ሴልዬ ራሱ ቃሉን የወሰደው ብረት ስለሚሸከመው ኃይል ከሚያጠኑ ሰዎች ነው፤ ሸክሙንና የተሸካሚውን ሁኔታ የሚያምታታው ችግር ከዚያ ጀምሮ አብሮት ኖሯል። እኛ ሁለት ቃል እያለን ምን በወጣን!

ለተሸካሚው ሁኔታ የእኔ ምርጫ «ውጥረት» ነው። ከበሮ ይወጠራል፣ የክራር ክር ይወጠራል፣ ድንኳን ይወጠራል። ክሩ ካልተወጠረ ድምፅ አይሰጥም፤ ከልክ ካለፈ ይበጠሳል። ጥቂቱ እንደሚጠቅም፣ ብዙው እንደሚጎዳ ቃሉ ራሱ ይናገራል። የሚገርመው፣ የእንግሊዝኛው ቃልም በላቲን ሥሩ ማጥበቅ፣ መወጠር ማለት ነው። «የድንበር ውጥረት» እያሉ ጋዜጦች ይዘውታል የሚል ተቃውሞ ሰምቻለሁ፤ ሆኖም ሕዝቡ «በሥራ ተወጥሬያለሁ» ማለቱን አልተወም። ይህን ሴቱም ወንዱም ሳያፍር ይለዋል።

ስለዚህ ጫና ለመንስኤው፣ ውጥረት ለስትረስ፣ ጭንቀት ለአንግዛይቲ ይሁን። መጠይቅ የምታዘጋጁ መምህራንና ተመራማሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «ምን ያህል ተወጥረሃል? ምን ያህል ተወጥረሻል?» ብላችሁ ጠይቁልን።