ባሕር ዛፍ ጋን አያጥንም

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትጓዙ ዓይናችሁ ደጋግሞ የሚያርፈው ባሕር ዛፍ ላይ ነው። ማገዶው እሱ፣ የቤቱ ማገር እሱ፣ ሲቸግር የሚሸጠውም እሱ። ግን በዚያው አገር ጠላ የምትጠምቅ እናት ጋኗን በግራዋ አጥባ ስታበቃ የባሕር ዛፍ ፍልጥ አታነሳም። ወይራ ትፈልጋለች። ወይራ ከጠፋ ጥንጁት። የወተት ቅሉም እንደዚያው ነው።

ይህ ምርጫ የአጉል ልማድ ጉዳይ አይደለም። ወይራ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ስለሆነ ሳይንበለበል ቀስ ብሎ ይጨሳል። ጭሱ ውስጥ ያሉት ውህዶች ዕቃው ላይ የቀረውን ተህዋስ ያዳክማሉ፤ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳሉ፤ ሽታም ይሰጣሉ። ባሕር ዛፍ ግን ዘይታም ነው፤ ሽታው ምግብ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። አውሮፓውያንም ሥጋና ዓሣ ሲያጨሱ ኦክና ቢችን መርጠው ሙጫ የሚበዛበትን ጥድ የሚሸሹት ለዚሁ ነው። እናቶቻችን ያለ ላብራቶሪ እዚያው ደርሰዋል።

ታሪኩን እንይ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ተመንጥሮ ማገዶ በመጥፋቱ ንጉሡ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ፈጥኖ የሚያድገው የባዕድ ዛፍ ከተማዋን አተረፈ፤ ቀስ በቀስም የገበሬው ጓሮ ገባ። በቅርቡ ደግሞ በጎረቤታችን አዊ፣ ፋግታ ለኮማ ላይ፣ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ተከተለው።

ሁለቱም ጠቅመውናል፤ አልክድም። ምድጃውን ሞልተውልናል። ጋኑን ግን አልተረከቡም። ለጭስ የምንመርጠውን ዛፍ አንተክልም፤ የምንተክለውን ለጭስ አንመርጥም። ወይራ ዕድገቱ ዘገምተኛ ነው፤ ገንዘብ ቶሎ አያመጣም። ስለዚህ ዛሬ ትልልቅ ወይራ ለማየት ብዙውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር መግባት ያስፈልጋል። ያንን ደግሞ ለፍልጥ እንቁረጠው የሚል ያለ አይመስለኝም።

ደግነቱ፣ ለማጠኛ ብዙ እንጨት አያስፈልግም። ለአንድ ጋን እፍኝ የማይሞላ ስንጥር ይበቃል። ወይራ ቅርንጫፉ ሲከረከም መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ግንዱን መጣል አያስፈልግም። አጥር ጥግ የቆሙ ሁለት ወይራዎች አንድን ቤት ለልጅ ልጅ ያጥናሉ።

የከተማ ሰው ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር አደራ፦ ወይራ ጠፋ ብላችሁ ቀለም ወይም ቫርኒሽ የነካው የአናጢ ቁራጭ አታጭሱ። መርዙ ከጭሱ ጋር ምግባችሁ ውስጥ ይገባል።

ዘንድሮ ክረምት መቶ ባሕር ዛፍ የምትተክሉ ሰዎች፣ መቶ አንደኛውን ወይራ አድርጉት። ያለዚያ ልጆቻችን የጠላውን ስም እንጂ ሽታውን አያውቁትም።

በእናንተ ቀዬስ ጋን የሚታጠነው በምንድን ነው? ጻፉልኝ።