ሳይሰሙ መግዛት፦ ያገለገሉ የድምፅ መሣሪያዎች የዋጋ ድርድር ታሪክ

ገዢና ሻጭ በዋጋ መከራከራቸው ከገበያ ጋር አብሮ የተወለደ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ አዲስ ዕቃ በሚሸጥባቸው ታላላቅ መደብሮች ይህ ልማድ ቀስ በቀስ እየቀረ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1852 በፓሪሱ የ«ቦን ማርሼ» መደብር ሸሪክ የሆነው አሪስቲድ ቡሲኮ፣ የማይለወጥ ዋጋ በዕቃው ላይ ጽፎ መሸጥን ካስፋፉት ነጋዴዎች አንዱ ነበር። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት አዳዲስ ሬዲዮኖች አንድ ዋጋ ቢቆረጥላቸው የሚያከራክር ነገር የለውም። ሃያ ዓመት ካገለገሉ በኋላ ግን አንደኛው ደረቅ ክፍል ውስጥ በጥንቃቄ የኖረ፣ ሌላው ሙቀትና አቧራ የጎዳው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያገለገለ መሣሪያ እስከ ዛሬ ከክርክር አልወጣም።

ክርክሩ በሱቅ ውስጥ ሲካሄድ ዳኛው ጆሮ ነው። መርካቶ ገብቶ ያገለገለ ቴፕ የሚገዛ ሰው ካሴት አስገብቶ ያዳምጣል፤ የድምፁን ቁልፍ እያዞረ መንኳኳቱን ይመረምራል፤ «የመጨረሻው ስንት ነው?» የሚለውም ከዚህ በኋላ ነው። ዕቃው በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ሲሆን ግን ይህ ዳኛ የለም። ታዲያ የተሰወረው ጉድለት ኪሣራ በማን ላይ ይውደቅ?

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ ያገለገሉ መኪናዎችን ምሳሌ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ችግር መርምሯል። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ከመካከለኛ ዋጋ በላይ ለማቅረብ ይፈራል፤ ደህና ዕቃ ያለውም በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል፤ በመጨረሻም ብልሹው ብቻ ይቀራል። አከርሎፍ በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፍሏል።

ችግሩ ይበልጥ የጎላው ገበያው ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር ነው። ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በ1995 በኋላ ኢቤይ የተባለውን የጨረታ ገበያ ሲከፍት፣ በመጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር ጠቋሚ ሲሆን ዋጋውም 14.83 ዶላር ነበር። ገዢው መሰበሩን ያውቅ እንደሆነ ተጠይቆ፣ የተሰበሩትን እንደሚሰበስብ መለሰ ይባላል። ጉድለቱ በግልጽ የተነገረ ዕቃም ተገቢ ዋጋውን እንደሚያገኝ ከዚህ እንረዳለን። በ1996 ደግሞ ገዢና ሻጭ አንዱ ስለሌላው ምስክርነት የሚሰጥበት ሥርዓት በዚያው ገበያ ተጀመረ። ቀድሞ በሠፈር የሚታወቀው የነጋዴ ስም በዚህ መንገድ በጽሑፍ ተተካ።

ለዚህ ንግድ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ቴክኒክስ ኤስ ኤል-1200 የተባለው የጃፓን የሸክላ ማጫወቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ለገበያ ቀረበ፤ በ2010 ምርቱ ተቋረጠ። ምትክ የሌለው ዕቃ የያዘ ሻጭ በድርድር ላይ አቋሙ ይጠነክራል። በ2016 ምርቱ እንደገና ሲጀመር የአዲሱ ዋጋ ወደ 4,000 ዶላር ስለነበረ፣ አሮጌውን የሚፈልግ አልጠፋም። ሆኖም ለጃፓን ገበያ የተሠራው በ100 ቮልት የሚሠራ በመሆኑ፣ 220 ቮልት ባለበት በአገራችን ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል። ያለቀ መርፌ፣ የደረቀ ካፓሲተር፣ የማጓጓዣ ክፍያና ቀረጥም አሉ። አስተዋይ ገዢ እነዚህን አንድ በአንድ ቆጥሮ ከዋጋው ይቀንሳል፤ «ተወደደ» ብሎ ብቻ የሚከራከር ግን ለሻጩ የሚያሳምን ምክንያት አያቀርብም።

ዛሬ በአገራችንም ያገለገሉ መሣሪያዎች በቴሌግራም በፎቶግራፍ ይሸጣሉ። ፎቶግራፍ ቀለምን እንጂ ድምፅን አያሳይም። የጥገና ባለሙያ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያውን ፈትሾ የሚሠራውንና የማይሠራውን፣ የተለወጠውንና መለወጥ ያለበትን ጽፎ ሲፈርምበት፣ ገዢ ሳይፈራ ሻጭም ሳይጎዳ ሊስማሙ ይችላሉ። ለሻጭ አድልቶ የሚፈርም ባለሙያ ግን አንድ ገዢ ከማሳሳቱም በላይ ደህና ዕቃ ያላቸውን ሰዎች ሁሉ ከገበያ ያስወጣል፤ የሙያ ጓደኞቹንም ፊርማ ዋጋ ያሳጣል።