የብራናው ቀይ ጽሕፈት በፊልምና በኮምፒዩተር

ከቢቸና ተነሥቶ ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው ጉንደ ወይን ሲደርስ፣ የዲማ ጊዮርጊስንና የደብረ ወርቅ ማርያምን ገዳማት ከኋላው ትቶ፣ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ ቤተ ክርስቲያን ወዳሳነፁባት ወደ መርጡለ ማርያም የሚታጠፈውን መንገድ ያገኛልና፣ ይህን አገር የብራና መጻሕፍት ግምጃ ቤት ቢለው ማጋነን አይሆንበትም።

የብራና ጸሐፊ ሁለት ቀለም ይበቃው ነበር። ጥቁሩን ከጥላሸትና ከተቆላ እህል በጥብጦ ለወራት ሲያሰነብት፣ ቀዩን ግን ለስመ እግዚአብሔር፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ ለምዕራፍም መነሻ ይቆጥበው ስለ ነበር፣ በገጹ ላይ ቀዩ በመጠን ከጥቁሩ እጅግ ቢያንስም በማዕረግ ይበልጠዋል። ሠዓሊውም ቢሆን በጥቂት ቀለማት መላውን የቅዱሳን ገድል ሲሥል ኖሯል፤ የቀለም ማነስ ለእርሱ ሥርዓት እንጂ ችግር አልነበረም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በአዲስ አበባ ተጀምሮ፣ ቅጂው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ሲከማች፣ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ይህን ሀብት በመመርመርና ካታሎግ በማዘጋጀት ዘመናቸውን ሲያሳልፉ፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበርና ቀዩ ጽሕፈት ግራጫ ሆኖ ከጥቁሩ ጎን ተሰለፈ። ይህን ማለቴ ሥራውን ለማቃለል አይደለም፤ ያለ እርሱ የግእዝ ጥናት ዛሬ ከደረሰበት ባልደረሰ ነበር።

የዲጂታል ካሜራ በአንጻሩ ለእያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን በተለመደው ፋይል በ256 ደረጃ ስለሚመዘግብ፣ 16,777,216 ቀለማትን መለየት ይችላል። ጉዳቱ የሚመጣው ፋይሉን ለማሳነስ ቀለሙ ሲቀነስ ነው። ፖል ሄክበርት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1982 ያሳተመው ስመ ጥር ዘዴ፣ ነጥቦቹን እንደ ቀለማቸው ቅርበት ደርድሮ፣ ክምችቱን ከመካከል ደጋግሞ እየከፈለ፣ ከየክፍሉ አንድ አማካይ ቀለም ይወስዳል፤ እንግዲህ ብዛት ያለው ብዙ ድርሻ ያገኛል ማለት ነው። ቀለማቱ 256 ሲሆኑ ቀዩ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ወደ 16 ወይም ወደ 8 ሲወርዱ ግን ገጹን የሞላው የብራናው ቡናማ ድርሻውን ሁሉ ይወስድና የቅዱሳኑ ስም ይደበዝዛል። ማሽኑ ብዛትን እንጂ ክብርን አይቆጥርምና በዚህ አይፈረድበትም። ፍሎይድና ስታይንበርግ በዚያው አቆጣጠር በ1976 ያወጡት፣ ቀለም ሲቀነስ የሚፈጠረውን የእያንዳንዱን ነጥብ ስሕተት ለጎረቤቶቹ የሚያከፋፍለው ዘዴ ለሥዕል ዓይንን ቢያታልልም፣ በቀጭን ፊደል ጠርዝ ላይ ግን ነጠብጣብ ይበትናል።

ስለዚህ በየደብሩ መጻሕፍት የምታነሡ ወጣቶች ሆይ፣ ሙሉ ቀለም ያለውን የመጀመሪያውን ፋይል ሳትነኩ አኑሩ፤ ቀለም የምትቀንሱት ለመላኪያ ከሚዘጋጀው ቅጂ ብቻ ይሁን፤ በዚያም ቢሆን ቀዩን አስቀድማችሁ በእጃችሁ መርጣችሁ ከሚቀሩት ቀለማት ውስጥ አስገቡና የቀረውን ለኮምፒዩተሩ ተዉለት።