በኒው ዮርክ አሮጌ አፓርትመንቶች ያረጀ የጋዝ ቧንቧ

በኒው ዮርክ ከተማ በብዙዎቹ አሮጌ አፓርትመንቶች ምግብ የሚበስለው በመንገድ ሥር በሚመጣ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዙ ከአስፋልቱ በታች ካለው ዋና መስመር ተከፍሎ በቤዝመንቱ ግድግዳ ይገባል፣ በቆጣሪ ያልፋል፣ ከዚያም እንደ ውሃ መስመር ፎቅ ለፎቅ እየወጣ በየምድጃው ጀርባ ያበቃል። በጥቅሉ እስከ ሕንፃው ግድግዳ ድረስ ያለው ቧንቧ የጋዝ ኩባንያው ኃላፊነት ነው፤ ከግድግዳው ወዲህ ያለው የባለቤቱ ሲሆን፣ ቆጣሪው ግን የኩባንያው ንብረት ነው። ተከራዩ በዓይኑ የሚያየው ከምድጃው ጀርባ ያለችውን ጫፍ ብቻ ነው።

ቧንቧው ጥቁር ብረት ነው። ቁራጮቹ ጥርስ በጥርስ ይገጠሙና ክፍተቱ በማሸጊያ ቅባት ይደፈናል። ብረቱ ደረቅ ቦታ ላይ ከሆነ ብዙ አሥርተ ዓመታት ያገለግላል፤ ቀድሞ የሚደክመው መገጣጠሚያው ነው። ሕንፃው በጊዜ ብዛት ጥቂት ሲሰጥም፣ በእድሳት ወቅት መስመሩ ሲገፋ ወይም ተከራይ የልብስ መስቀያ አድርጎት ሲጎትተው ጥርሱ ይላላል። እርጥብ ቤዝመንት ውስጥ፣ በተለይም ቧንቧው ግድግዳ ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቦታ፣ ዝገቱ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይወድቃል። በጋዝ መብራት ዘመን የተሠሩ ሕንፃዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ ያኔ ለመብራት የተዘረጉ ቅርንጫፎች አፋቸው ተዘግቶ በልስን ሥር የቀሩበት ቤት አለ። ሥዕል ሊሰቅል ግድግዳ የሚበሳ ሰው ይህን ቢያውቅ አይጎዳውም።

የጋዙ ዓይነት መለወጥም የራሱን ጠባሳ ጥሏል። ከተማዋ ቀድሞ የምትጠቀመው ከድንጋይ ከሰል የሚመረት እርጥብ ጋዝ ነበር። ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀምሮ ደረቁ የተፈጥሮ ጋዝ ሲተካው፣ በመንገድ ሥር ባሉት አሮጌ፣ ብረት ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰባቸው (ካስት አይረን) ቧንቧዎች መገጣጠሚያ ውስጥ የተጠቀጠቀው ቃጫ ደርቆ ተኮማተረ።

የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ይዘት ሜቴን ነው። ሜቴን ከአየር ስለሚቀል ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ግን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ሜቴን የሚፈነዳው በአየር ውስጥ ያለው ድርሻ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ነው። በራሱ ሽታ የለውም። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ሲሆን፣ ልማዱ የተስፋፋው በ1937 ቴክሳስ ውስጥ በኒው ለንደን ከተማ ትምህርት ቤት በደረሰ ፍንዳታ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ካለቁ በኋላ ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት ጋዙ ለመፈንዳት ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን አንድ አምስተኛው ላይ ሲደርስ ሽታው መታወቅ አለበት። ሆኖም አፍንጫ ይለምዳል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

የዛሬውን ሕግ የወለዱት ሁለት ፍንዳታዎች ናቸው። መጋቢት 12 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ ሃርለም፣ ፓርክ አቬኑ ላይ ሁለት ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃዎች ፈርሰው 8 ሰዎች ሞቱ። ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ የተገኘው ጥፋት ከሕንፃዎቹ ውጭ ነበር፤ በ2011 የተገጠመ የፕላስቲክ ቧንቧ ብየዳ ጉድለት ነበረበት፣ አጠገቡ ያለው የተቀደደ የፍሳሽ መስመርም አፈሩን አጥቦ ቧንቧውን ያለ ድጋፍ አስቀርቶታል። በዋዜማው ጋዝ የሸተታቸው ነዋሪዎች ነበሩ፤ ለኩባንያው ጥሪ የደረሰው ግን ፍንዳታው ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው።

በዓመቱ፣ መጋቢት 26 ቀን 2015፣ በኢስት ቪሌጅ ሁለተኛ አቬኑ ላይ ሦስት ሕንፃዎች ወደሙ፣ 2 ሰዎችም ሞቱ። እዚህ መንስኤው ከግድግዳው ወዲህ ነበር፦ ለላይኛዎቹ አፓርትመንቶች ጋዝ ለማድረስ ያለ ፈቃድ በድብቅ የተዘረጋ መስመር። ባለቤቷ፣ ተቋራጩና የቧንቧ ሠራተኛው በ2019 በግድየለሽነት ሰው በመግደል ወንጀል ጥፋተኛ ተብለዋል።

ከተማዋ በ2016 ያወጣችው አካባቢያዊ ሕግ ቁጥር 152፣ ከአንድና ከሁለት ቤተሰብ መኖሪያዎች በቀር፣ የሕንፃዎች የጋዝ መስመር በየ4 ዓመቱ እንዲፈተሽ ያዛል። የሚፈትሸው የማስተር ፕላምበር ፈቃድ ያለው ባለሙያ ወይም በእሱ ክትትል የሚሠራ ብቁ ሰው ነው። በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ጋዝ ያሸታል፤ ዝገትና ሕገወጥ ቅጥልም ይፈልጋል። ፍተሻው ግን የሚሸፍነው ለዓይን የተጋለጠውን የቤዝመንት፣ የቦይለር ክፍልና የኮሪደር መስመር እንጂ የአፓርትመንቶቹን ውስጥ አይደለም። ይህ የሕጉ ትልቅ ቀዳዳ ነው፤ ምድጃ ለጽዳት በተሳበ ቁጥር የሚጠማዘዘው ማገናኛ ከእይታው ውጭ ቀርቷል።

ጋዝ የሚያፈስ ቦታ ሲገኝ ሥራው ቀላል ይመስላል። ባለሙያው በብሩሽ የሳሙና ውሃ መገጣጠሚያው ላይ ይቀባል፤ አረፋ ከተነፋ ጋዝ እየወጣ ነው። ኩባንያው ቫልቩን ይቆልፋል፤ ይህ ከደቂቃዎች በላይ አይወስድም። መልሶ መክፈቱ ነው መከራው፦ ፈቃድ፣ ጥገና፣ መስመሩን በአየር ሞልቶ የግፊት መለኪያው አለመውረዱን ማረጋገጥ፣ የከተማው ሕንፃዎች መምሪያ ይሁንታ፣ ከዚያ በኋላ የኩባንያው ሰው። አንዱ ቤት ውስጥ የተገኘ ቀዳዳ ሙሉውን ሕንፃ ለወራት ያለ ምድጃ ሊያስቀር ይችላል፤ ተከራዩ በተሰጠው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ እየተቸገረ ይሰነብታል። ብዙ ሰው ሽታውን አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው፣ አንዳንድ ባለቤትም በድብቅ ለመቀጠል የሚፈተነው በዚህ መጓተት የተነሳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጀርመን ሌላ መንገድ ይዛለች። በዚያ ሀገር የጋዝ ቴክኒክ ደንብ፣ አገልግሎት ላይ ካለ መስመር የሚወጣው ጋዝ በሰዓት ከ1 ሊትር በታች ከሆነ መጠቀም ይፈቀዳል፤ ከ1 እስከ 5 ሊትር ሲሆን በ4 ሳምንት ውስጥ መጠገን አለበት፤ 5 ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ወዲያው ይዘጋል። ልኬት ስላለ ሁሉም ቀዳዳ እንደ አንድ አይታይም።

በኒው ዮርክ የመጨረሻው አማራጭ ጋዙን መተው ነው። ምድጃዎቹን በኤሌክትሪክ መተካት አደጋውን ከሥሩ ያስቀራል፤ ችግሩ የአሮጌዎቹ ሕንፃዎች የመብራት መስመር ያን ያህል ጭነት የማይሸከም መሆኑ ነው፤ እሱም አብሮ መታደስ አለበት።

ጋዝ የሸተተው ሰው ማብሪያ ማጥፊያ አይንካ፣ ክብሪት አይጫር፣ ስልክም ቤት ውስጥ ሆኖ አይደውል። ቤት ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ይዞ ይውጣና ከውጭ ወደ 911 ወይም ወደ ጋዝ ኩባንያው ይደውል። በ911 አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ለመደወልም የአከራይ ፈቃድ አያስፈልግም።